የሆፕዌል ብረት ማቅለጫ ለምን ተዘጋ? በኋላስ ምን ሆነ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ገጠር የሚገኘው የሆፕዌል ብረት ማቅለጫ ዛሬ የሚጎበኝ ቅርስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከከተማ ርቆ ለምን እንደተሠራና ሥራውን ለምን እንዳቆመ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦ የብረት አምራቹ ማርክ በርድ እ.ኤ.አ. በ1771 ምድጃውን የሠራው የብረት ማዕድኑ፣ የኖራ ድንጋዩ፣ ደኑና ወራጅ ውኃው በአንድ አካባቢ በመገኘታቸው ነው። ሠራተኞች ከድንጋይ በተገነባው ምድጃ አናት በኩል ማዕድን፣ የእንጨት ከሰልና የኖራ ድንጋይ እያፈራረቁ ሲጨምሩ፣ በውኃ የሚዞር መንኮራኩር ከሥር አየር ያስነፋ ነበር፤ ኖራው ቆሻሻውን ይዞ ሲንሳፈፍ የቀለጠው ብረት ከታች ተለቅቆ በአሸዋ በተበጀ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። ከምርቶቹ ይበልጥ የታወቀው የቤት ማሞቂያ ምድጃ ነው።

መልስ 2፦ ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ለመዘጋቱም ምክንያቱ ያው የእንጨት ከሰል ነው። በድንጋይ ከሰልና በኮክ (የድንጋይ ከሰል ያለ አየር ተግሎ በሚገኝ ነዳጅ) የሚሠሩ ትልልቅ ፋብሪካዎች ብረትን በርካሽ ማቅረብ ሲጀምሩ ሆፕዌል መወዳደር አቃተው። በ1853 በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ሌላ ምድጃ ቢተከልም አልሰመረም፤ አሮጌው ምድጃ በ1883 ሥራ አቆመ።

መልስ 3፦ ስለ ኋላው ልጨምር። በ1935 የፌዴራል መንግሥት መሬቱን የገዛው ለሕዝብ መዝናኛ ነበር፤ በኢኮኖሚው ድቀት ሥራ ያጡ ወጣቶች በመንግሥት ፕሮግራም ተሰማርተው አካባቢውን ሲያቀኑ የፍርስራሹ ዋጋ ታወቀ፣ በ1938ም ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ተባለ። ለከሰል ሲመነጠር የኖረው ደን (የሚገርመው ይህ ነው) ዳግም በቅሎ ዙሪያውን ሸፍኖታል። በመከር ወራት የሚሄድ ሰው ከግቢው የፖም ዛፎች በጥቂት ክፍያ ፍሬ መልቀም ይችላል።