በቅጠሉ ጀርባ ቢጫ ነጥብ ስላወጣው ፈርን፦ ፍሌቦዲየም አውሬየም ምን ዓይነት ተክል ነው?

ጥያቄ — ከ«መስኮት ዳር»

ለመድረኩ አባላት በሙሉ፣ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሁለት ዓመት ያህል በቤቴ ስለያዝኩት አንድ ፈርን (አበባ የማያወጣ ቅጠላማ ተክል) ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ተክሉን የሰጠኝ ሰው ስሙ ፍሌቦዲየም አውሬየም እንደሚባልና መገኛው ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል እንደሆነ ከመንገር ያለፈ ነገር አላብራራልኝም። ቅጠሎቹ ከለመድኳቸው ፈርኖች አይመሳሰሉም፤ እንደ ላባ በደቃቁ የተከፋፈሉ ሳይሆኑ እንደ ተዘረጋ እጅ ሰፋፊ ጣቶች አሏቸው፤ ቀለማቸውም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል አረንጓዴ ነው።

ግራ ካጋቡኝ ነገሮች የመጀመሪያው፣ ከአፈሩ በላይ የጣት ውፍረት ያለውና ወርቃማ ቀይ ፀጉር የለበሰ ነገር እየተሳበ ወጥቶ የማሰሮውን ከንፈር መሻገሩ ነው። የተጋለጠ ሥር መስሎኝ ባለፈው ወር አፈር አልብሼው ነበር፤ አሁን ግን የተቀበረው ክፍል ጠቁሯል፣ ሲነኩትም ይፈርሳል። ከዚህ ሌላ በሁለት ትልልቅ ቅጠሎች ጀርባ ላይ፣ በእያንዳንዱ ጣት መሃል ካለው ጅማት ግራና ቀኝ፣ ክብ ክብ ቢጫማ ነጥቦች ተሰልፈው ወጥተዋል። አንድ ወዳጄ ተባይ ስለሆነ ቅጠሎቹን ቆርጠህ ጣል ብሎ መክሮኝ መቀስ አንስቼ ነበር፤ ሆኖም ነጥቦቹ በገመድ ተለክተው የተተከሉ ያህል ርቀታቸው እኩል ስለሆነብኝ እጄ እንቢ አለኝ።

በተጨማሪም ይህ ፈርን በመገኛ አገሩ በዛፍ ላይ እንደሚኖር አንብቤአለሁ። ታዲያ የዛፉን ምግብ እየመጠጠ የሚኖር ጥገኛ ተክል ነው ማለት ነው? ስለ አካሉ አሠራርና ስለሚኖርበት ስፍራ የምታውቁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።


መልስ — ከ«ቅጠል አጥኚ»

እጅዎ እንቢ ማለቱ ለተክሉ በጀው። ነጥቦቹ ተባይ አይደሉም፤ ስለ እነርሱ ከእኔ ይልቅ ጠልቆ የሚያውቅ አባል እንደሚያስረዳዎት ተስፋ አለኝ። እኔ የምጀምረው ጊዜ ከማይሰጠው ጉዳይ፣ ከተቀበረው ክፍል ነው።

ሥር መስሎዎት የቀበሩት ግንዱ ነው። የዚህ ፈርን ግንድ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ባገኘው ገጽ ላይ ተጋድሞ እየተሳበ ያድጋል፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ራይዞም ይሉታል። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ8 እስከ 15 ሚሊሜትር ሲሆን አንዳንዴ እስከ 30 ሚሊሜትር ይደርሳል። እውነተኞቹ ሥሮች ከግንዱ የሆድ ወገን የሚወጡት ቀጫጭንና ጥቁር ቡናማ የሆኑት ናቸው፤ የዛፍ ልጥን ጨብጠው ግንዱን የሚይዙትም፣ ውኃ የሚስቡትም እነርሱ ናቸው። እንግዲህ የግንዱ ጀርባ ዘመኑን ሁሉ ነፋስ እየነካው እንዲኖር የተሠራ ነው። እርጥብ አፈር ሲጫነው አየር ያጣል፤ መበስበስ የጀመረውም በዚህ ምክንያት ነው። በንጹሕ ቢላዋ የጠቆረውን ክፍል ጠንካራና ያልጠቆረ ሥጋ እስኪያገኙ ድረስ ቆርጠው ያስወግዱ፤ የተረፈውን ግንድ ደግሞ በተሰባበረ የዛፍ ልጥ ላይ ሳይቀብሩ አጋድመው፣ ሥሮቹ እስኪጨብጡ ድረስ በክር ያስሩት።

ፀጉር ያሉት ነገር በአጉሊ መነጽር ሲታይ ፀጉር አይደለም። ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ ከታች ሰፋ ብሎ ወደ ጫፉ እንደ ክር የሚሾልና በጠርዙ ላይ ጥቃቅን ጥርሶች ያሉት ቅርፊት ነው። ቅርፊቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ግንዱን በተለይም ለስላሳውን የእድገት ጫፍ ይሸፍኑታል። «አውሬየም» በላቲን ወርቃማ ማለት ሲሆን ተክሉ ይህን ስም ያገኘው ከእነዚህ ቅርፊቶች ቀለም የተነሣ ነው።

ስለ ቅጠሉ በአንድ ነገር ላርምዎት፣ ቅር እንደማይልዎት አምናለሁ። የእጅ ጣቶች ሁሉ ከአንድ መዳፍ ይነሣሉ፤ የዚህ ፈርን ጣቶች ግን ከአንድ ረጅም መካከለኛ ጅማት ግራና ቀኝ ተራ በተራ የሚወጡ ናቸው። በትልቅ ቅጠል ላይ እስከ 35 የሚደርሱ ሊሆኑ ይችላሉ። በመካከላቸው ያለው ቁርጥ ወደ ውስጥ ጠልቆ ቢገባም ከመካከለኛው ጅማት ሳይደርስ ስለሚቆም፣ ከጅማቱ ዳርና ዳር ጠባብ የቅጠል ጠርዝ ሳይቆረጥ ይቀራል። ስለዚህ የሚያዩት የብዙ ትናንሽ ቅጠሎች ስብስብ ሳይሆን አንድ ወጥ ቅጠል ነው። ሙሉ ቅጠል ከነአገዳው ከ30 ሴንቲሜትር አንሥቶ እስከ 130 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ገና ልጅ የሆነ ተክል ደግሞ ምንም ያልተከፈለ ቅጠል ስለሚያወጣ ብዙ ሰው ሌላ ዝርያ ይመስለዋል።

አመድ የሚመስለው ሰም ነው፤ በአውራ ጣትዎ ቀስ ብለው ቢያሹት ይለቅና ከሥሩ ንጹሕ አረንጓዴ ይወጣል። አንዴ ብቻ ይሞክሩት፤ ሰሙ ለቅጠሉ ጥቅም አለውና። ከዚያ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥተው ይመልከቱ። ጅማቶቹ እየተገናኙ እንደ ዓሣ መረብ ዓይን ዓይን ሠርተው ያገኟቸዋል። «ፍሌቦዲየም» የሚለው ስምም የመጣው ጅማት ወይም የደም ሥር የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 ተክሉን ፖሊፖዲየም አውሬየም ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ሌላው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ስሚዝ በ1841 ወደ ፍሌቦዲየም ወገን አዛወረው።


መልስ — ከ«ስፖር ሰብሳቢ»

ከላይ የተሰጠው መልስ በጎ ነው፤ የቀረውን የነጥቦቹን ነገር እኔ ልቀጥል።

ፈርን አበባም ዘርም የለውም፤ የሚራባው ስፖር በሚባል እንደ ዱቄት በደቀቀ የመራቢያ ሕዋስ ነው። በቅጠሉ ጀርባ ያዩዋቸው ክብ ነጥቦች እያንዳንዳቸው የብዙ ጥቃቅን የስፖር ከረጢቶች ክምር ሲሆኑ ሶረስ ተብለው ይጠራሉ። በሌሎች ብዙ ፈርኖች ይህን ክምር የሚሸፍን ስስ ክዳን አለ፤ በዚህ ዝርያ ግን ክዳን ስለሌለ ከረጢቶቹ ተገልጠው ይታያሉ። በጣቱ መካከለኛ ጅማትና በጣቱ ጠርዝ መካከል በእያንዳንዱ ወገን አንድ ረድፍ ብቻ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱም ነጥብ የሚቀመጠው በጅማቱ መረብ አንድ ዓይን ውስጥ፣ ሁለት ትናንሽ ጅማቶች ጫፍ ለጫፍ በሚገናኙበት ላይ ነው። ርቀታቸው ተለክቶ የተተከለ የመሰለዎትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቦታቸውን የወሰነው የቅጠሉ ጅማት ነው። ባለ ቅርፊት ተባይ ግን ሥርዓት አያውቅም፤ ባገኘው ቦታ ይጣበቃል፣ በግንድም በቅጠል ፊትም ይገኛል፣ የሚያጣብቅ ወዝ ይተዋል፣ በጥፍር ሲፍቁትም ተነሥቶ ይወድቃል።

ቅጠሉን በነጭ ወረቀት ላይ ጀርባውን ወደ ታች አድርገው ሌሊቱን ቢያሳድሩት፣ ጠዋት ቢጫ ዱቄት በረድፍ በረድፍ ወርዶ ያገኙታል። የዚህ ዱቄት አወራረድ ስለዚህ ፈርን ከማውቀው ሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ ነው። እያንዳንዱ የስፖር ከረጢት በጀርባው በኩል ከ12 እስከ 13 ሕዋሳት የተደረደሩበት ከፊል ቀለበት አለው። ከረጢቱ ሲደርቅ ከእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ውኃ ይተናል፤ የቀረው ውኃ ስስ የሆነውን ውጫዊ ግድግዳ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ በዚህም ቀለበቱ እንደተለጠጠ ቀስት ወደ ኋላ እየተቀለበሰ ከረጢቱን ይከፍተዋል። ውጥረቱ ውኃው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሲሆን በሕዋሳቱ ውስጥ በቅጽበት አረፋ ይፈጠራል፤ ቀለበቱም ተመልሶ ሲወረወር ስፖሮቹን ወደ ውጭ ይተኩሳቸዋል። በ2012 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናት የተሠራው በዚሁ ዝርያ ላይ ሲሆን፣ ስፖሮቹ በሰከንድ 10 ሜትር ያህል ፍጥነት እንደሚወጡ አሳይቷል። ሰው የሚሠራው ባለ ክንድ የድንጋይ መወርወሪያ ክንዱን መንገድ ላይ የሚያቆም አግዳሚ እንጨት ያስፈልገዋል። ይህ ከረጢት እንዲህ ያለ ማቆሚያ የለውም። ቀለበቱ የመንገዱን አንድ ክፍል በፍጥነት ከተመለሰ በኋላ፣ በሕዋሳቱ ግድግዳ ውስጥ ያለው ውኃ ቀስ ብሎ መንቀሳቀሱ ፍጥነቱን ስለሚይዝበት፣ ስፖሮቹ ወደ ከረጢቱ ሳይመለሱ ተፈናጥረው ይወጣሉ።

ከዚያ በኋላ ስፖሩን ነፋስ ይወስደዋል። እርጥበት ባለበት ልጥ ላይ ካረፈ የልብ ቅርጽ ያለው ስስና ትንሽ አረንጓዴ አካል ይሆናል፤ ወንዴውና ሴቴው ሕዋስ የሚሠሩት በዚህ አካል ላይ ነው፤ ወንዴው ሕዋስም ወደ ሴቴዋ የሚደርሰው በስስ የውኃ ሽፋን ውስጥ ዋኝቶ ነው። ስለሆነም ይህ ፈርን ከምድር ርቆ በቅርንጫፍ ላይ ቢኖርም ለመራባት የውኃ ጠብታ የግድ ያስፈልገዋል።


ጠያቂው — «መስኮት ዳር»

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የጠቆረውን ቆርጬ አንሥቻለሁ፤ የግማሽ ጣት ያህል ርዝመት ጠፍቶበታል፤ የተረፈው ግን ጠንካራ ነው። በወረቀቱ ላይም ዱቄቱ በረድፍ ወርዶ አገኘሁት፤ ልጆቼን ጠርቼ አሳየኋቸው። የጥገኝነቱ ጉዳይ ግን ገና አልተመለሰልኝም። ከዚህም ጋር፣ ባለፈው የአየሩ መድረቅ በበረታበት ወቅት ሦስት ቅጠሎች ከግንዱ ተነጥለው ወድቀው ነበር፤ ያወደቃቸው ሰው የለም፤ የወደቁበት ቦታም የተላጠ ወይም የተሰበረ አይመስልም፣ ክብ ለስላሳ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ይህ በሽታ ይሆን?


መልስ — ከ«ረግረግና ዘንባባ»

ጥገኛ አይደለም። ጥገኛ ተክል ሥሩን በዛፉ አካል ውስጥ ሰዶ ከዛፉ ሥጋ ምግብ ይወስዳል። የፍሌቦዲየም ሥር ግን ከልጡ በላይ ብቻ ይሄዳል፤ ውኃውን ከዝናብና ከጤዛ፣ ማዕድኑንም በስንጥቅ ውስጥ ተከማችቶ ከሚበሰብሰው ቅጠልና አቧራ ያገኛል። ዛፉ ለእርሱ መቆሚያ እንጂ ማዕድ አይደለም።

የሚገኝበት ስፍራ ከደቡባዊ ጆርጂያና ከፍሎሪዳ ተነሥቶ፣ ሜክሲኮን፣ የካሪቢያን ደሴቶችንና መካከለኛው አሜሪካን አካቶ፣ በደቡብ እስከ ሰሜናዊ አርጀንቲና ይዘልቃል። ሰው ወስዶት በሃዋይም ዱር ገብቶ በራሱ የሚራባ ሆኗል። ከመኖሪያዎቹ ሁሉ የፍሎሪዳውን አብልጬ መግለጽ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የአካሉ አሠራር ሁሉ በዚያ ግልጽ ሆኖ ይታያል። በረግረጉ ዳርና ጥላ በበዛባቸው ደኖች ውስጥ ሳባል ፓልሜቶ የሚባል ዘንባባ አለ። አሮጌ ቅጠሉ ሲወድቅ የአገዳው ሥር ለሁለት ተሰንጥቆ በግንዱ ላይ ይቀራል፤ እነዚህ ቅሪቶች እርስ በርስ ተጠላልፈው ግንዱን እንደ ቅርጫት ይከብቡታል። በእያንዳንዱ ቅሪት ብብት ውስጥ የዝናብ ውኃና የወደቀ ቅጠል ይጠራቀማል። ወርቃማው ግንድ ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው እየተሳበ፣ ሥሩን ወደዚያ እርጥብ ክምችት እየላከ፣ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ ዘንባባውን ይዞራል። እርስዎ ዘንድ የማሰሮውን ከንፈር የተሻገረውም ይህንኑ ልማዱን ተከትሎ ነው።

እነዚያን የዘንባባ ብብቶች ሌሎች ፈርኖችም ይጋሩታል፤ እንደ ጫማ ማሰሪያ ቀጭን ሆኖ የሚንጠለጠል ፈርን አለ፤ ጣቶቹ እውነትም ከአንድ መዳፍ የሚወጡ፣ የእጅ ፈርን የሚባለው ብርቅ ዝርያም አለ። የዘንባባ ግንድ ለመልክ ሲባል ከቅሪቶቹ ተላጥቶ ሲለሰልስ እነዚህ ሁሉ መኖሪያቸውን ያጣሉ፤ ይህን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። ፍሌቦዲየም ኦክ በሚባል ዛፍ ቅርንጫፍ ላይም ይበቅላል፤ በድንጋይ ወይም በመሬት ላይ ግን እምብዛም አይታይም።

ስለ ወደቁት ቅጠሎች አይስጉ። የዚህ ፈርን ቅጠል ከግንዱ ጋር የተያያዘው በመገጣጠሚያ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ በዚያ ቦታ ተላቆ ይወድቃል፤ ክብ ጠባሳውም የመገጣጠሚያው አሻራ ነው። ዝናብ ዓመቱን ሙሉ በማይቋረጥበት አገር ተክሉ እንደለመለመ ይኖራል፤ ደረቅ ወቅት በሚበረታበት አገር ግን ከቅጠሎቹ ከፊሉን ወይም ሁሉንም አራግፎ በሥጋማው ግንድ ባጠራቀመው ይቆያል። በእነዚያው ዛፎች ላይ የሚኖር አንድ ትንሽ ዘመዱ በድርቅ ጊዜ ቅጠሉ ተጨማዶ የሞተ መስሎ ከቆየ በኋላ ዝናብ ሲነካው በሰዓታት ውስጥ ይዘረጋል። ፍሌቦዲየም ይህን አያደርግም። የደረቀ ቅጠሉን ውኃ ቢያጠጡት ተመልሶ አይለመልም፤ አዲስ ቅጠል ከግንዱ ጫፍ መጠበቅ ይኖርብዎታል።

በመጨረሻ፣ ስሙ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ከፈለጉ የነጥቦቹን ረድፍ ይቁጠሩ። ፍሌቦዲየም ዴኩማኑም የሚባለው የቅርብ ዘመዱ በጅማቱ በእያንዳንዱ ወገን ከአንድ በላይ ረድፍ ያወጣል፤ ጣቶቹም ሰፋ ይላሉ። ዴኩማኑም በሕዋሱ ውስጥ 74 ክሮሞሶም፣ ማለትም የዘር መረጃ ተሸካሚ ክር፣ አለው፤ ፍሌቦዲየም ፕሴውዶአውሬየም የሚባለውም እንዲሁ። የእርስዎ ተክል ግን 148 ክሮሞሶም ያለው ሲሆን ከእነዚህ ከሁለቱ መዳቀል እንደተገኘ ይታመናል። እርስዎ እንደገለጹት በየወገኑ አንድ ረድፍ ብቻ ከሆነና ቅጠሉ አመድማ ከሆነ፣ ተክሉን የሰጡዎት ሰው ከዴኩማኑም ጋር አላምታቱትም።

ከቁርጡ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ውኃ አያብዙበት፤ ልጡ ደረቅ ሲል ብቻ ያርሱት። በየጥቂት ቀኑ የግንዱን ጫፍ ይመልከቱ፤ ከቅርፊቶቹ መካከል እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ አዲስ ቅጠል ብቅ ካለ ሥሮቹ ይዘዋል ማለት ነው፣ ክሩን ያን ጊዜ ሊፈቱት ይችላሉ።