የጀልባ ሸራ ውሃ መከላከያ፦ የትኛው ለየትኛው ጨርቅ?

ጀልባን የሚሸፍነው ሸራ ውሃ ማስገባት ሲጀምር ብዙዎቻችን በቀጥታ መከላከያ ፈሳሽ ልንገዛ እንሮጣለን። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመው አንድ ኩባያ ውሃ ከስፌት ራቅ ያለ ቦታ ላይ ቀስ ብለው እንዲያፈሱ እመክራለሁ። ውሃው ድቡልቡል እየሆነ ከተንከባለለ ውሃ የሚገፋው የጨርቁ ልባስ ደህና ስለሆነ፣ ወደ ውስጥ የሚንጠባጠበው በስፌቱ በኩል ነው። ተንጣሎ ጨርቁን ካጠቆረው ግን ልባሱ አልቋል፣ ወይም ቆሻሻና የሳሙና ቅሪት ሸፍኖታል።

ችግሩ ከስፌቱ ከሆነ ክሩን በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት። ከተበጣጠሰ ፀሐይ ጨርሶታልና ምንም ዓይነት ፈሳሽ አያድነውም፤ ጨርቁ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ግን አዲስ ሸራ ከማሠራት ይልቅ ለሸራ ሰፊ ሰጥቶ ማሰፋት እጅግ ይሻላል። የተለመደው የፖሊስተር ክር አክሪሊክ ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ቀድሞ በፀሐይ ስለሚያልቅ፣ ወደድ ቢልም የፀሐይ ጨረር የማይጎዳውን ቴናራን የመሰለ ክር እንዲጠቀሙልዎት ይጠይቁ። ክሩ ጤናማ ሆኖ ውሃው በመርፌ ቀዳዳዎች ብቻ የሚገባ ከሆነ የስፌት ማሸጊያ መቀባት ይበቃል።

ወደ ፈሳሾቹ ስንመጣ፣ እንደ ሰንብሬላ ላሉ የአክሪሊክ ሸራዎች የመጀመሪያ ምርጫዬ 303 ፋብሪክ ጋርድ ነው፤ የሰንብሬላ አምራችም ሲመክረው የቆየው ይህንኑ ነው። በፍሎሪን ውሕድ የተሠራ በመሆኑ ውሃን እየገፋ ጨርቁ አየር እንዲያሳልፍ ይተወዋል፤ ከሥሩ የታመቀ እርጥበት ሻጋታ ስለሚያመጣ ይህ ባሕርይው ትልቅ ዋጋ አለው። ሆኖም ጨርቁ ፍጹም ደረቅና አየሩ ሞቅ ያለ እንዲሆን ይፈልጋል፤ በሸራው ላይ በተሰፉ የፕላስቲክ መስኮቶች ላይ መረጨትም የለበትም። የፍሎሪን ውሕዶች በተፈጥሮ ቶሎ ስለማይበሰብሱ፣ ሸራውን አውልቀው ከውሃው ርቀው በየብስ ላይ እንዲረጩት አጥብቄ እለምናለሁ።

የሲሊኮን መርጫዎች ርካሽ ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ውሃውን ሲያንከባልሉት ደስ ይላሉ። ለአክሪሊክ ግን አልመክራቸውም፤ ሲሊኮን የነካው ጨርቅ በኋላ የፍሎሪን መከላከያን በደንብ አይቀበልም። ለጥጥ ሸራ ኒክዋክስ ኮተን ፕሩፍን እመርጣለሁ፤ ፍሎሪን የለውም፣ ታጥቦ ገና ባልደረቀ ጨርቅ ላይም ይሠራል። በቪኒል ፕላስቲክ የተለበጠ ሸራ ደግሞ ራሱ ውሃ ስለማያሳልፍ የሚያስፈልገው የፀሐይ ጨረር መከላከያ ብቻ ነው።

ከምርቱ ምርጫ በላይ ውጤቱን የሚወስነው እጥበቱ ነው። አንድ ጊዜ ጥሩ መከላከያ ረጭቼ ሸራው በመጀመሪያው ዝናብ እንደ ፎጣ ውሃውን ጠጥቶት ነበር፤ በኋላ እንደተረዳሁት ጥፋቱ በደንብ ያላለቀለቅሁት ሳሙና ነበር፤ ሳሙና ውሃን ወደ ጨርቁ ስለሚስብ ልባሱን ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ ለስላሳ ሳሙናና ከ38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልበለጠ ውሃ ተጠቅመው በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት፤ አረፋው ፈጽሞ እስኪጠፋም ያለቅልቁት። ሻጋታ ለያዘው የሰንብሬላ ሸራ በ4 ሊትር ውሃ 1 ኩባያ በረኪናና ሩብ ኩባያ ለስላሳ ሳሙና ደባልቀው ለ15 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይቻላል፤ ቀለሙ በቃጫው ውስጥ የገባ ስለሆነ አይለቅም። ይህን ግን በጥጥ ሸራ ላይ በፍጹም አይሞክሩት። በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ማጠቢያ ለሚሠሩ የእጥበት አገልግሎቶችም ሸራዎን አይስጡ፤ ግፊቱ የቀረውን ልባስ ጠርጎ ስፌቱን ያላላል።

መከላከያው ከደረቀ በኋላ የኩባያውን ውሃ እንደገና ያፍስሱ፤ አንድ ቦታ ብቻ ከጠቆረ ያንኑ ቦታ ደግመው ይርጩ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም አጥፈው አያስቀምጡት።