በክረምት ከእንጦጦ ስወርድ እጄ ይደነዝዛል፣ ፍሬኑም አይዝልኝም

ለተከበራችሁ ብስክሌተኞች፣

መኖሪያዬ ፒያሳ ሲሆን፣ በሳምንት ሁለት ቀን ማለዳ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ በኩል እስከ እንጦጦ ማርያም እወጣለሁ። ዳገቱ አላስቸገረኝም፤ ቀላሉን ማርሽ ይዤ በዝግታ እደርሳለሁ። ያቃተኝ በሐምሌ ዝናብ መውረዱ ነው። ስወጣ የዝናብ ልብሱ ላቤን ስለሚያፍነው የውስጥ ሹራቤ ይበሰብሳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከዚያ ብርድ ቁልቁል ስመለስ ደግሞ፣ እግሬ ሥራ ስለሚያቆምና ነፋሱ እርጥቡን ልብስ ስለሚያቀዘቅዘው፣ ጣቶቼ ደንዝዘው የፍሬኑን እጀታ መጨበጥ ይሳነኛል። ሁለት ጓንት ደርቤ፣ በመካከላቸውም ፌስታል አድርጌ ሞክሬአለሁ፤ የጠቀመኝ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ፍሬኔ ቸርኬውን በጎማ የሚይዝ በመሆኑ፣ ውኃው ተጠርጎ እስኪያልቅ ድረስ ይንሸራተታል፤ ጭቃና አሸዋውም የፍሬኑን ጎማ ቶሎ ይበላዋል። ባለፈው ቅዳሜ ማገዶ ተሸክመው በሚወርዱ እናቶች ፊት መቆም አቅቶኝ ወደ ቦይ ገባሁ። እኔ ብዙም አልተጎዳሁም፤ አንዷን ብገጭ ኖሮ የሚለው ሐሳብ ግን እስካሁን አልተወኝም።

ጫፍ ላይ የምቀይረው ደረቅ የሱፍ ሹራብና ሁለተኛ ጓንት መያዝ ይበቃል? ለዲስክ ፍሬን (በቸርኬው ፈንታ መሃል ላይ የተገጠመ የብረት ሳህን ለሚይዘው) ባልተሠራ ብስክሌት ላይ ዲስክ ማስገጠም ያዋጣል ወይስ የተሻለ የፍሬን ጎማ ልፈልግ? በመስከረም ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ለመውረድ ስላሰብሁ፣ ያን ቁልቁለት በጉምና በዝናብ የወረዳችሁ ብትኖሩ፣ የት የት ቆማችሁ እጃችሁን እንዳሞቃችሁ ጭምር እንድትነግሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።