የኮረብታው ዋይፋይ ማሻገሪያ በክረምት ቀን ሳይመሽ ይጠፋል፤ ባትሪ ልጨምር ወይስ ፓኔል?

ሰሜን_ኔት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ መብራት ያልደረሰበት ኮረብታ ላይ ከከተማው ኢንተርኔት ተቀብሎ ለአንድ ትምህርት ቤት የሚያሻግር ጣቢያ አለን። ያለው ዕቃ ይኸው፦ ሁለት ላይትቢም 5ኤሲ (ኢንተርኔቱን በአየር የሚያሻግሩ ሬዲዮዎች)፣ አንድ ትንሽ ማይክሮቲክ ራውተር፣ 100 ዋት ፓኔል፣ 100 አምፒር-ሰዓት የመኪና ባትሪ፣ 20 አምፒር ርካሽ ፒደብሊውኤም ቻርጅ ኮንትሮለር (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠር፣ ፓኔሉን በባትሪው ቮልት የሚያሠራ ቀላሉ ዓይነት) እና 300 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይር)። ሬዲዮዎቹ የሚሠሩት አብሯቸው የመጣው ፒኦኢ (በኔትወርክ ገመዱ ኃይል የሚልክ) አዳፕተር ኢንቨርተሩ ላይ ተሰክቶ ነው። ከባትሪው ሳጥን እስከ ሬዲዮዎቹ 30 ሜትር የኔትወርክ ገመድ አለ።

በበጋ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ይሠራል። ክረምት ከገባ ወዲህ ግን ከቀኑ 11 ሰዓት አያልፍም፤ ከመጥፋቱ በፊት ደግሞ ደጋግሞ ብልጭ ድርግም ይላል። ያለኝ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛ ባትሪ ልግዛ ወይስ ፓኔል?

ዲሲ_ብቻ፦
ወንድሜ፣ አንዱንም ከመግዛትህ በፊት ኢንቨርተሩን አውጣው።

ሒሳቡን እንየው። ላይትቢም ካታሎጉ ላይ ቢበዛ 7 ዋት ይላል፤ በተለመደ ሥራ ላይ 5 ዋት ገደማ ቢወስድ፣ ሁለቱ 10፣ ራውተሩ 3፣ በጠቅላላ 13 ዋት ነው። አዳፕተሮቹ የሚያባክኑት ሲጨመር 15 ይሆናል። አንድ ትንሽ ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት ለራሱ 8 ዋት ቢበላ (ከዚያም የሚብስ አለ)፣ ከባትሪው የሚወጣው ወደ 23 ዋት ይደርሳል፤ በ24 ሰዓት 550 ዋት-ሰዓት። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 አውጥተህ፣ መልሰህ ወደ 24 ታወርደዋለህ፤ የኃይሉ ሲሶ የሚያልቀው በዚህ ምልልስ ነው።

ኢንቨርተሩን ትተህ ከ12 ወደ 24 ቮልት የሚያወጣ ዲሲ-ዲሲ ኮንቨርተር ብታስገባ፣ የኮንቨርተሩ 10 በመቶ ብክነትና ገመዱ የሚበላው ተደምሮ 15 ዋት ይበቃሃል። በቀን 360 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። እነዚህ ግምቶች ናቸው፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አምፒር መለኪያ በተከታታይ አስገብተህ ትራፊክ ባለበት ሰዓት የራስህን ቁጥር ውሰድ።

አሁን ገቢውን ተመልከት። ለደጋ ክረምት የፀሐይዋን ጉልበት በቀን ከ3.5 ሙሉ ሰዓት (ፀሐይዋ በሙሉ ጉልበቷ እንዳበራች የሚቆጠር ሰዓት) በላይ አድርጎ መንደፍ አያዋጣም። በፒደብሊውኤም፣ በአቧራና በባትሪው ብክነት ምክንያት ከፓኔሉ ስም 55 በመቶውን ብቻ ቁጠር፦ 100 × 3.5 × 0.55 = 192 ዋት-ሰዓት ገደማ። ወጪ 360፣ ገቢ 192። ጎተራ መጨመር እህል አይጨምርም፤ ሁለተኛው ባትሪም ባዶውን ይቀመጣል። መልሱ ፓኔል ነው። ለዕለት ወጪው 190 ዋት ገደማ ይበቃል፣ ነገር ግን ከጉም ቀናት በኋላ ባትሪውን መልሶ የሚሞላ ትርፍ ስለሚያስፈልግ 300 ዋት አድርገው። ሦስት ባለ 100 ዋት፣ 36 ሴል (ጀርባው ላይ ቪኤምፒ፣ ማለትም በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ያለው ቮልት፣ 18 ቮልት የሚል) በትይዩ ብታገናኝ 18 አምፒር ገደማ ስለሚሆን ያለህ ኮንትሮለር በጭንቅ ይችለዋል። ባለ 60 ሴሉን ትልቅ የጣሪያ ፓኔል በፒደብሊውኤም አትሞክረው፤ 30 ቮልቱን ወደ ባትሪው ቮልት ጎትቶ ከግማሽ በላይ ያስቀርብሃል። እሱ ኤምፒፒቲ (የፓኔሉን ትርፍ ቮልት ወደ አምፒር የሚለውጥ ኮንትሮለር) ይፈልጋል።

ስትገዛ የተለጠፈውን ጽሑፍ አትመን፤ ሜትር ያዝ። ጥሩ ፓኔል በካሬ ሜትር 200 ዋት አካባቢ ነው። ግማሽ ካሬ ሜትር ሆኖ «300 ዋት» የሚል ካየህ መንገድህን ቀጥል።

የመኪናው ባትሪ ደግሞ ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ስስ ሳህን ነው፤ በየሌሊቱ ሲራገፍ ጥቂት ወራት ነው የሚቆየው። ገንዘብ ሲገኝ ለሦስት ቀን ጉም 1,080 ዋት-ሰዓት ያዝ፦ ጄል ከሆነ ከግማሽ በታች ስለማይወርድ 200 አምፒር-ሰዓት፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ 100 ይበቃል።

ባለ24፦
ኮንቨርተር ለምን አስፈለገ? ሁለት 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አገናኝና 24 ቮልቱን በቀጥታ በፒኦኢ ላከው። የሚበላሽ ዕቃ ይቀንሳል።

ሽቦ_ቆጣሪ፦
ባለ24፣ ሐሳብህ ለአንዳንድ ሬዲዮ ይሠራል፣ ለዚህኛው ግን አልመክርም። «24 ቮልት» የሚባል ባትሪ በቻርጅ ላይ 28.8 ይደርሳል፤ ኮንትሮለሩ ኢኳላይዝ ካደረገ (ሴሎቹን ለማመጣጠን ቮልቱን ከፍ ካደረገ) 29 ያልፋል። 10-28 ወይም 10-30 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት የማይክሮቲክ ዕቃ ዳር ዳር ሲል፣ 24 ቮልት ብቻ የሚጠብቅ ሬዲዮ ግን እኩለ ቀን ላይ፣ ባትሪው ሞልቶ ፀሐይ ጠንክራ ባለችበት ሰዓት ይቃጠላል። ሰውም መብረቅ መታው ይላል። ከ12 ወደ 24 የሚያወጣው ኮንቨርተር ባትሪው 11.5ም ይሁን 14.4፣ ለሬዲዮው ያው 24 ይሰጣል።

ኮንቨርተሩን ታች ሳጥኑ ውስጥ አድርገው፣ ምሰሶው ላይ አትስቀለው። ምክንያቱ ገመዱ ነው። በፓሲቭ ፒኦኢ (ቮልቱን ሳይጠይቅ በቀጥታ በሚልከው) ሁለት ሽቦ ሲሄድ ሁለት ሲመለስ፣ ንጹሕ መዳብ በሆነ ካት5ኢ (የተለመደው የኔትወርክ ገመድ) 30 ሜትር ደርሶ መልስ 2.5 ኦም ገደማ ነው። 7 ዋት በ12 ቮልት ብትልክ 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ24 ብትልክ 0.75 ብቻ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገመድ ከሆነ ኪሳራው ከዚህም በብዙ ይከፋል። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገህ ውስጡ ነጭ ከሆነ ለፒኦኢ አትጠቀምበት።

ፖዘቲቩ በሰማያዊው ጥንድ (4 እና 5)፣ ኔጋቲቩ በቡናማው (7 እና 8) ነው። በእነዚህ ጥንዶች ኃይል ብቻ የሚያስገባ ተራ መከፋፈያ ፍጥነቱን 100 ሜጋ ላይ ያቆመዋል፤ ለትምህርት ቤት አይከፋም። ራውተርህን ለመቀየር ከሆነ ደግሞ ሄክስ ፒኦኢ ላይት የሚባለው የማይክሮቲክ ራውተር የተሰጠውን 24 ቮልት በየፖርቱ ያወጣል፣ ሬዲዮው ለፒንግ («አለህ ወይ» ለሚል የኔትወርክ ጥሪ) ካልመለሰም ኃይሉን ቆርጦ መልሶ ያበራዋል። ኮረብታ መውጣት ይቀንሳል።

ብልጭ ድርግም የሚለው ኮንትሮለሩ ነው። ብዙዎቹ ሲገዙ መቁረጫቸው (ባትሪው እንዳያልቅ ጭነቱን የሚያጠፉበት ቮልት) 10.7-11.1 ቮልት ላይ ነው። በዚህ ዓይነት ቀላል ጭነት 11.1 የደረሰ አሲድ ባትሪ ባዶ ሆኗል፤ ሲቆረጥ ጭነቱ ስለሚነሳለት ቮልቱ ብቅ ይላል፣ ኮንትሮለሩ መልሶ ያበራል፣ እንደገና ይወርዳል። መቁረጫውን 12.0፣ መመለሻውን 12.8 አድርገው። ኢንቨርተርህ ባትሪው ላይ በቀጥታ ታስሮ ከሆነ ግን የኮንትሮለሩ መቁረጫ ጨርሶ አይመለከተውም፤ የሚበራ የሚጠፋው ራሱ ኢንቨርተሩ ነው። አዲሱን ኮንቨርተር «ሎድ» የሚለው መውጫ ላይ እሰረው።

ሰሜን_ኔት፦
ተባረኩ። ኢንቨርተሩ በቀጥታ ባትሪው ላይ ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር፦ እዚህ በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል፣ ሊቲየም ይችላል? ፓኔሎቹንስ ስንት ዲግሪ ላዘንብላቸው? አሁን ያለው ወደ ደቡብ 35 ዲግሪ ገደማ ነው።

ጉም_ማዶ፦
35 በዝቷል። ቦታህ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.7 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሐምሌ የቀትር ፀሐይ ከአናትህ አልፋ ወደ ሰሜን ትሆናለች፤ በነሐሴ አጋማሽም አናትህ ላይ ገደማ ነች። ወደ ደቡብ በጣም ያዘነበለ ፓኔል ኃይል በጠፋበት ወር ጀርባውን ይሰጣታል። በዚያ ላይ በደመና ቀን ብርሃኑ ከመላው ሰማይ ስለሚመጣ ጠፍጠፍ ያለው ይሻላል። 10 ዲግሪ አድርገው። ከዚያ ብታሳንሰው ዝናቡ አቧራውን አጥቦ አይወርድም።

ሊቲየም በውርጭ መሥራት ይችላል፣ መሞላት ግን አይችልም። ሴሉ ከ0 ዲግሪ በታች እያለ ከሞላኸው ውስጡ ለዘለቄታው ይጎዳል። በቅዝቃዜ ቻርጅ የሚያቆም ቢኤምኤስ (የባትሪው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ያለበትን ግዛ፣ ሳጥኑንም ከመሬት አንሥተህ በፎም ልበጠው፤ የኮንቨርተሩ ሙቀትም ይረዳል። ጄል ከያዝክ ውርጩን ይችላል፣ ግን የሙቀት ማስተካከያ የሌለው ኮንትሮለር በብርድ ሳይሞላው ይተወዋል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ርካሽ ኮንትሮለሮች ብዙውን ጊዜ ፖዘቲቩን አገናኝተው የሚቆርጡት ኔጋቲቩን ነው። ሺልድ (የብረት ሽፋን) ያለው ገመድ ስትጠቀም በብዙ ሬዲዮዎች የቦርዱ ኔጋቲቭ ከሺልዱና ከምሰሶው ጋር ይገናኛል። የባትሪውንም ኔጋቲቭ ኧርዝ ካደረግህ (ከመሬት ጋር ካገናኘህ) ኮንትሮለሩ «ቆረጥኩ» ቢልም ኤሌክትሪኩ በኧርዙ በኩል ዞሮ ባትሪውን እስከ መጨረሻው ያራግፈዋል። ለማረጋገጥ ፓኔሉንም ጭነቱንም ነቅለህ በባትሪው ኔጋቲቭና በሎዱ ኔጋቲቭ መካከል ኦም ለካ፣ ቀጥሎ በሁለቱ ፖዘቲቮች መካከል። ዜሮ ያሳየህ በፖዘቲቮቹ በኩል ብቻ ከሆነ ምሰሶውን ኧርዝ አድርግና የባትሪውን ኔጋቲቭ ተወው፣ ወይም ኔጋቲቩ የጋራ የሆነ ኮንትሮለር ያዝ።

ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ20 ሴንቲሜትር ውስጥ፦ ወደ ኮንትሮለሩ 30 አምፒር በ6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ከሎዱ ወደ ኮንቨርተሩ 5 አምፒር። ስትገጥም መጀመሪያ ባትሪውን፣ ከዚያ ፓኔሉን፤ ስትፈታ ተቃራኒውን። ፓኔል ያለ ባትሪ ኮንትሮለሩ ላይ ከተሰካ የፓኔሉ ቮልት በቀጥታ ወደ ሎዱ ሊያልፍ ይችላል።

ዲሲ_ብቻ፦
በጉም_ማዶ ላይ አንድ ልጨምር፦ ሦስቱን ፓኔሎች ስታገናኝ ምሰሶው ጥላውን እንዳይጥልባቸው ጠዋትም ከሰዓትም ቆመህ እይ። የአንድ ቀጭን ፖል ጥላ ሴሎቹን ሲያቋርጥ የዚያ ፓኔል ምርት ግማሽ ሊሄድ ይችላል።