የማናጀር ኮሚሽን፦ ማኅበሩ ጣሪያ ይቁረጥ ወይስ ወለል?

የሆጤ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የደሴና የኮምቦልቻ ድምፃውያንና ማሲንቆ ተጫዋቾች ማኅበር ደንብ እየተረቀቀ ነው፤ ማናጀሮችን የሚመለከተው አንቀጽ ላይ ተያዝን። አንዱ 15 በመቶ ይቆርጣል፣ ሌላው 30፤ ቀብዱንም የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ሌላ አገር የአርቲስት ማኅበርና ወኪል እንዴት ነው አብረው የሚሠሩት? ከሽልማት ላይስ ኮሚሽን ይታሰባል?

ጦሳ ሥር፦
አብሽር፣ የተሄደበት መንገድ ነው። የአሜሪካን የተዋንያን ማኅበር ሳግ-አፍትራን ውሰድ። ማኅበሩ ከአሠሪዎች ጋር ተደራድሮ የክፍያውን ወለል ያስቀምጣል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ወኪሉ ለየደንበኛው ይደራደራል። በማኅበሩ ደንብ ማኅበሩ የፈቀደለት ወኪል ከ10 በመቶ በላይ አይወስድም። ዋናው ብልሃት ግን ኮሚሽኑ ተዋናዩን ከወለሉ በታች እንዳያወርደው መከልከሉ ነው። ወለሉ 1,000 ከሆነ ወኪሉ 1,100 ብሎ ይዋዋላል፤ 100ው የሱ፣ 1,000ው የተዋናዩ። የጉዞና የውሎ አበል ገንዘብ አይነካም።

እናንተ የኮሚሽኑን ጣሪያ ብቻ ጽፋችሁ የክፍያውን ወለል ከተዋችሁት ማናጀሩ ዋጋውን ራሱ ይሰብረዋል። ለሱ አንድ ውድ ሰርግ ከመጠበቅ ሦስት ርካሽ ሰርግ መያዝ ይቀለዋል።

ቦርከና፦
ቀብዱ ላይ ጠንክሩ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ማናጀሩ በድምፃዊው ስም 10,000 ተቀብሎ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሰርግ ቢይዝለት፣ ሰርገኛው 20,000 ብሎ የሚመጣው ድምፃዊው ላይ ነው። ስለዚህ ቀብድ በድምፃዊው ሂሳብ ይግባ፤ ኮሚሽን ሥራው ካለቀ በኋላ ይከፈል። ውክልናውም ሥራ ማፈላለግና መደራደር ብቻ ይበል፣ ገንዘብ መቀበል የሚል አይግባበት።

(ካሊፎርኒያ ሥራ የሚያፈላልገው ፈቃድ ያለው ወኪል ነው፤ ማናጀር ያለ ፈቃድ ቢያፈላልግ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። እኛ ጋ ደላላውም ማናጀር ነው የሚባለው።)

የሆጤ ልጅ፦
ሽልማቱስ?

ቦርከና፦
ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር የእንግዳው ስጦታ ነው፤ ማናጀሩ አልተደራደረበትም። ካልተጻፈ ግን ያጨቃጭቃል። «ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ» የሚል ውል ሽልማቱንም፣ የሳውንዱን ኪራይም፣ ወልዲያ የተሄደበትን ነዳጅም ይበላል። ክፍያው 40,000፣ ሳውንድና መኪና 12,000 ቢሆን፣ ከጠቅላላው 8,000 ይቆረጣል፤ ወጪው ተነሥቶ ከሆነ 5,600። «የተጣራ» ብላችሁም አትለፉ፤ የሚቀነሰውን በስም ጻፉት።

ጦሳ ሥር፦
የሚቀረው ማስፈጸሙ ነው። ደንብ ያልፈረመበትን ማናጀር አይይዝም፤ የሚይዘው አባሉን ነው። ሳግም (የዛሬው ሳግ-አፍትራ ከመዋሐዱ በፊት) ያደረገው ይህንኑ ነው፦ አባል ማኅበሩ ካልፈቀደለት ወኪል ጋር እንዳይሠራ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2002 አባላቱ ከወኪሎቹ ጋር የተረቀቀውን አዲስ ስምምነት በድምፅ ጥለውት ትልልቆቹ ወኪሎች ከማኅበሩ ውል ወጡ፤ 10 በመቶው ግን ልማድ ሆኖ ቀረ። እናንተም መጀመሪያ ሥራ የሚበዛላቸውን አምስት ስድስት ድምፃውያን አስፈርሙ። እነሱ ከገቡ ማናጀሩ ራሱ ፎርም ፍለጋ ይመጣል።