ክርክር፦ ቲሞር ሌስቴ የራሷን ገንዘብ ታትም ወይስ ሳንቲሟ ይበቃታል?

አወያይ፦ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ያለችው ቲሞር ሌስቴ እስከ 1975 የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ነበረች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢንዶኔዥያ ወረረቻት። ከ2000 ወዲህ የምትገበያየው በአሜሪካ ዶላር ነው። የራሷ የወረቀት ገንዘብ የላትም፤ በ2003 ግን ሴንታቮ የተባሉ ሳንቲሞች አወጣች። 100 ሴንታቮ አንድ ዶላር ነው። (ዓመቶቹ የፈረንጆች ናቸው።) ሳንቲም ብቻ ይበቃታል?

ሳንቲም ሰብሳቢው፦ እንዴታ! 5 ሴንታቮ ላይ ሩዝ አለ፣ 10ሩ ላይ አውራ ዶሮ፣ 25ቱ ላይ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ፣ 50ው ላይ የቡና ቅርንጫፍ። የአንድም ፖለቲከኛ ፊት የለባቸውም። ገና ከጦርነት ለወጣ አገር እንዲህ ይሻላል። በሩዝ ማን ይጣላል?

የኢኮኖሚክስ ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ ሥዕሉ ያምራል፤ ግን ወለድ አይወስንም። የኢንዶኔዥያ ገንዘብ ሩፒያ ሲረክስ የዚያው አገር ቡና ገበሬ በአንድ ዶላር ብዙ ሩፒያ ያገኛል። የቲሞሩ ያቺኑ ዶላር ይዞ ይቀራል። ገበያውም በርካሽ የኢንዶኔዥያ ዕቃ ይሞላል። ማዕከላዊ ባንካቸውም የራሱ ገንዘብ ስለሌለው ይሄን ሊያስተካክል አይችልም።

ሳንቲም ሰብሳቢው፦ ሩፒያን ካነሳሽ አይቀር የ1998ቱንም አንሺው! ያኔ ሩፒያ ሲወድቅ ቲሞሮችም ገና በኢንዶኔዥያ ሥር ስለነበሩ በኪሳቸው የያዙት እሱን ነበር። ይሄን ያየ ሰው ዶላር ቢመርጥ ይፈረድበታል?

ጋሽ ታሪክ፦ ልጆች፣ ፊት የለም ያላችሁት በመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች ላይ ነው። ኋላ የወጣው 100 ሴንታቮ ላይ ዶም ቦአቬንቱራ አለ። በ1911 እና 1912 ማኑፋሂ በተባለው የቲሞር አካባቢ በፖርቱጋል ላይ ያመፀው የአካባቢ ንጉሥ ነው። አንዱ ምክንያቱ የነፍስ ወከፍ ግብር ነበር። ፖርቱጋል ከሞዛምቢክ ጭምር ወታደር አምጥታ ነው ያንን አመፅ የደፈጠጠችው። እና ሳንቲሙ የሚጠራው በማን ቋንቋ ነው? በፖርቱጋልኛ። የ2003ዎቹስ የት ተመቱ? ሊዝበን። እኔ ይሄ አያናድደኝም። ያመፀባቸውን ሰው በራሳቸው ቃል በተጠራ ገንዘብ ላይ ማስቀመጥ ወኔ ይጠይቃል።

ቡና ነጋዴዋ፦ ጋሼ፣ ጥሩ አሉ። እኔ ግን ዓይኔ 50ው ላይ ነው። ቲሞር ውስጥ አረቢካና ሮቡስታ በራሳቸው ተዳቅለው የወጣ ቡና አለ። የቅጠል ዝገት የተባለውን የቡና በሽታ ስለሚቋቋም ዓለም ሁሉ ለማዳቀያ ወስዶታል። አረቢካው ከኛው አገር የሄደ ዘር መሆኑን ደግሞ አትርሱ፤ በግማሹ ዘመዳችን ነው!

የኢኮኖሚክስ ተማሪዋ፦ እሺ፣ ኢኳዶርም ዶላር ይዛ የራሷን ሳንቲም ትመታለች፣ ፓናማም እንዲሁ። ይቻላል። ግን የቲሞር በጀት በአብዛኛው የሚወጣው በ2005 ከተቋቋመው፣ የነዳጅ ገቢ ከሚጠራቀምበት ፈንድ ነው። እሱ ሲሳሳ ዶላሩ ከየት ይመጣል? እኔ ነገ ይተዉት አላልኩም። ገንዘቡ ገና በእጃቸው እያለ ይዘጋጁ ነው ያልኩት።

ሳንቲም ሰብሳቢው፦ መዘጋጀቱን ማን ጠላ? ኖቱን ሲያትሙ ግን ዶሮውን እንዳይረሱት አደራ።