ክርክር፦ የአሜሪካ ጦር ሁለቱን ዕዞች ማዋሃዱ ልክ ነው?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። የአሜሪካ ምድር ጦር ሥልጠናንና የውጊያ መመሪያን የሚመራውን ትሬዶክን፣ ነገ በምን እንደሚዋጋ ከሚያጠናው ፊውቸርስ ኮማንድ ጋር በጥቅምት 2025 አንድ ዕዝ አደረጋቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። መቀመጫው ኦስቲን፣ ቴክሳስ ነው። እዚያ ጦር ያገለገላችሁም፣ ልጅ ያላችሁም እዚህ አላችሁ። በሉ።

ሰሎሞን (ቨርጂኒያ)፦ ዘገየ እንጂ! እኔ ሳገለግል አዲስ ሬዲዮ መጣልን፤ ሣጥኑ ውስጥ መመሪያ አለ፣ የሚያሳየን ሰው ግን የለም። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ያወቅነው ልምምድ መሃል ሲዘጋብን ነው። መሣሪያውን የሚያስበው ሌላ፣ የሚያሠለጥነው ሌላ። ሁለቱም ቤት ባለ አራት ኮከብ ጄኔራል ነበረ፤ አንዱ ሌላውን አያዝም ነበር። አሁን የሚጠየቀው አንድ ሰው ነው።

ሻምበል (ጡረታ)፦ ልጄ፣ ሁሉን የያዘ ሰው የቱን ይጨብጣል? ይሄ ተሞክሯል እኮ። እስከ 1973 ኮናርክ የሚባል አንድ ዕዝ አገር ውስጥ ያለውን ተዋጊ ክፍልም ሥልጠናውንም ይዞ ነበር። ስለከበደው ለሁለት ከፈሉት፤ ትሬዶክ የተወለደው ያኔ ነው።

አቤል፦ ጋሽ ሻምበል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ግማሹን ነው የነገሩን። ያኔ የተለየው ተዋጊው ክፍል ነው። ሥልጠናና የወደፊቱን ማሰብ አብረው ትሬዶክ ውስጥ ገቡ። የመጀመሪያው አዛዥ ጄኔራል ዴፑይ የ1973ቱን የአረብና የእስራኤል ጦርነት አስጠንተው በ1976 አዲስ የውጊያ መመሪያ አወጡ፤ በ1982 ምድር ጦሩንና አየር ኃይሉን አቀናጅቶ የሚያዋጋው ኤርላንድ ባትል የተባለ መመሪያ ተከተለ። አብራምስ ታንክና አፓቺ ሄሊኮፕተር ሲገቡ ወታደሩ በዚያ መመሪያ ነው የሠለጠነው። ፊውቸርስ ኮማንድን አቋቁመው ሁለቱን የነጠሏቸው በ2018 ነው። አሁን አዲስ ነገር አልሠሩም፣ ወደነበሩበት ተመለሱ።

ሕሊና (ኦስቲን)፦ ለምን እንደነጠሏቸው ዘለልከው። ሁሉም ትሬዶክ ሥር ሳለ ነው ፊውቸር ኮምባት ሲስተምስ የተባለው የአዳዲስ የውጊያ ተሽከርካሪዎች ዕቅድ ቢሊዮኖች በልቶ በ2009 የተሰረዘው።

ሰሎሞን፦ ተነጥሎስ ምን ፈየደ? ፋራ የተባለው የስለላ ሄሊኮፕተር ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ከወጣበት በኋላ በ2024 ቀረ። ዩክሬን ውስጥ ርካሽ ድሮን ያንን ሥራ ሲሠራ እያየን!

ሕሊና፦ መቅረቱማ ደግ ሥራ ነው፤ የማያዋጣን ነገር ሙጭጭ ማለት ይሻላል? ደግሞ በዚያው 2024 ጥቂት ብርጌዶች ድሮንና አዲስ መገናኛ ተሰጥቷቸው፣ ወታደሩ ራሱ ልምምድ ላይ እየሞከረ ይሄ ይሠራል፣ ይሄ አይሠራም ሲል ነበር። ለዚህ ማንም ዕዝ አልተዋሃደም። ይሄኛው ውህደት የጄኔራል ቁጥር ለመቀነስ ነው የሚመስለኝ። የመከላከያ ሚኒስትሩ በግንቦት 2025 ባለ አራት ኮከቦቹ ቢያንስ 20 በመቶ ይቀነሱ ብሎ የለ?

ሰሎሞን፦ ይቀነሱ! ምን አጎደለ?

አቤል፦ ሕሊና የብርጌዶቹ ነገር እውነት ነው። ግን ጥቂት ናቸው። እዚያ የተማሩትን ለመላው ጦር የሚያስተምር ትምህርት ቤቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ትሬዶክ ሥር ነበር።

ሻምበል (ጡረታ)፦ እሺ፣ አንድ ልጠይቃችሁ። በጀት ሲያጥር ይሄ አንድ አዛዥ ከየቱ ይቆርጣል?

ሰሎሞን፦ ከሥልጠናውማ አይነካም፤ ምልምሉ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ነው።

ሻምበል (ጡረታ)፦ በል እንግዲህ፣ የቀረው የቱ እንደሆነ ለሕሊና ንገራት።